የከዚራው አሮጌ የሱቅ ፎቅ እየታደሰ ነው፤ በረንዳው ግን ሊዘጋ ነው

የከዚራዋ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለድሬዎች፣ ለሐረሮች፣ በየሀገሩ ለተበተናችሁትም።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከለገሀር (ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ) ብዙም የማይርቀው፣ ጥግ ላይ ያለው አሮጌ የሱቅ ፎቅ መወጣጫ ታስሮበታል። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ መኖሪያ የነበረው፣ በሁለት በኩል በረንዳ የዞረው ቤት ነው። እድሳት ተጀመረ ሲባል ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ያ ቤት እኮ እያየነው ነው ያረጀው። ጣራው ማፍሰስ ከጀመረ ቆየ። ላይኛው ፎቅ ሰው ካጣም ቆየ። ማንም ይሁን ማን፣ የደረሰለት ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ሄጄ ሳየው ግን ጭንቀት ያዘኝ። ጥሩው ነገር ቆርቆሮው እየተቀየረ ነው፣ የበሰበሰው ወራጅም እየወጣ ነው። የድሮውን የኖራ ልስን ግን ሙልጭ አድርገው ገፈው በሲሚንቶ እየመረጉት ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በረንዳው በመስታወት ሊዘጋ ነው። ሱቆቹ እስከ ጎዳናው ጠርዝ ይወጣሉ፣ ካሬው ይሰፋል፣ ኪራዩም ያድጋል ማለት ነው።

አቦ፣ ድሬ ላይ በረንዳ ተዘግቶ እንዴት ይሆናል? በግንቦት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከዚራን በእግር ሂዱባት። ሰው ከዛፍ ጥላ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ዛፍ ጥላ እየተሻገረ ነው የሚሄደው። ቤቶቹን የሰሩት ሰዎች ሱቁን ወደ ውስጥ ስበው በረንዳውን ለመንገደኛ የተዉት ሙቀቱን ስለሚያውቁ ነው። መንገደኛው ጥላ ያገኛል፣ ባለሱቁ ደንበኛ ያገኛል።

በረንዳው ላይ የሚሰሩ ሰዎችም አሉ። ሰዓት ጠጋኝ አለ። ፀሐይ በረድ ሲል ባጅያ የምትጠብስ እናት አለች። ልብስ ሰፊው አለ። የሱን ቦታ ቀርባችሁ ብታዩት፣ የስፌት መኪናው እግሮች ያረፉበት ንጣፍ ተበልቶ ጎድጉዷል። ምሰሶው ላይ ክር የሚሰቅልባት ምስማር አለች፤ ዙሪያዋ ያለው ኖራ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። ጠዋት ፊቱን ወደ ጎዳናው አድርጎ ይሰፋል፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ስትዞር እሱም መኪናውን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አሁን መኪናውን በላስቲክ ጠቅልሎ ጎረቤት ሱቅ አስቀምጦታል። ሲያልቅ ትመለሳለህ ያለው ሰው ግን የለም።

እድሳቱን መቃወም አልፈልግም። ይታደስ። በረንዳውንና በረንዳው ላይ የሚሰሩትን ሰዎች ይዞ እንዲታደስ ምን ማድረግ እንችላለን? የምታውቁ ተናገሩ።


የባቡር አባት
ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አነሳሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በምድር ባቡር ነውና ከዚያ በኩል ልናገር።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ነው። ሀዲዱ እዚህ የደረሰው በታህሳስ 1895። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ሐረር ተራራ ላይ ናት፣ ዳገቱ ከበደ። ስለዚህ ሀዲዱ ቆላውን ያዘና ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ነበር ያሏት። ከዚያ ሀዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ወደቀ። ሀዲዱም ለዓመታት እዚሁ ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ 784 ኪሎ ሜትሩ አልቆ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

የድሬ ሱቆች የሚገቧችሁ ያንን የቆመበትን ጊዜ ስታስቡ ነው። ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅ፣ ጨው፣ ብረታ ብረት ሁሉ እዚህ ይወርዳል። ከዚህ ወዲያ ግመልና በቅሎ ነው። ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ቡናና ቆዳ ደግሞ እዚህ ተራግፎ ባቡር ላይ ይወጣል። ዕቃ በሚራገፍበት ቦታ መጋዘን ይሰራል፣ መጋዘን ያለበት ነጋዴ ይሰፍራል። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ህንዱም፣ የመኑም፣ ጣሊያኑም የመጣው በዚህ ነው። ከዚራ ኩባንያው በቀያሽ ያስነደፋት ናት፣ መንገዶቿ ቀጥ ያሉት ለዚያ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለችው መጋላ ሰፈር ደግሞ ገበያው እንደመራት አደገች።

አንቺ ያልሽው ቤት ከጀርባው ግቢ አለው። ወደ ግቢው የሚያስገባ ሰፊ የእንጨት በር ነበረው፤ ጋሪ ከነጭነቱ ያልፍበታል። በልጅነታችን ግቢው ውስጥ ሴቶች ቡና ሲለቅሙ በበሩ ስንጥቅ እናይ ነበር። አሁን ያ በር በብሎኬት ተደፍኗል። የሚያድሱት ሰዎች ፊት ለፊቱን ብቻ ነው የሚያዩት መሰለኝ። ቤቱ ግን ፊቱ ብቻ አይደለም። ሱቁ፣ በረንዳው፣ ግቢው፣ መጋዘኑ አንድ ላይ ነው የሚሰራው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቡር ሲገባ ከዚራ በሙሉ ትነቃ ነበር። ሻይ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ጋሪ ነጂው፣ ተሸካሚው። መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። ተሳፋሪው እዚያው ወርዶ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚራን የሚያነቃት ሌላ ነገር ካልታሰበ ቤቱ ታድሶም ደንበኛ ማግኘቱ ያሳስበኛል።


የመጋላ ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይሄን ታሪክ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

እኔ ግን ከውስጥ ሆኜ ነው የምናገረው፣ አትቀየሙኝ። እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ብዙ ነግጃለሁ። ከውጭ ሲያዩት ያምራል። ክረምት ሲገባ ጣራው ያፈሳል። አንድ ሌሊት የጣለው ዝናብ ሙሉ ጥቅል ጨርቄን አበላሸብኝ። ለአከራዩ መስሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ የለም። በራሴ ገንዘብ ቆርቆሮ አስቀየርኩ፤ ከኪራዩ ይታሰብልኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። የኤሌክትሪክ ሽቦው በጨርቅ የተጠቀለለ ዓይነት ነበር፣ እሳት እንዳይነሳ ማታ ማታ ቆጣሪ አጥፍቼ ነበር የምወጣው። ሽንት ቤት የለም። ሴት ሰራተኛ ስቀጥር ጎረቤት ሆቴል እየለመንኩ ነው።

ስለዚህ መስታወት ገባ፣ ሱቁ ሰፋ ሲባል ነጋዴው ቢደሰት አትፍረዱበት። አቧራው ራሱ ስንት ዕቃ ያበላሻል። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ቦታ ያስፈልገዋል። በረንዳው ለመንገደኛው ጥሩ ነው፣ ኪራዩን የምንከፍለው ግን እኛ ነን።


ሳባ ከቶሮንቶ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ወይኔ ከዚራ! እያነበብኩ አለቀስኩ። እባካችሁ ምንም ነገር እንዳይነኩት አድርጉ። እንደነበረ ይሁን። አረንጓዴው መስኮት፣ የድሬዳዋ ዛፉ ቀይ አበባ በረንዳው ላይ ሲረግፍ፣ ሁሉም። እኔ ስመጣ ማየት የምፈልገው ያንን ነው።


ባጃጅ ከሳቢያን
ማክሰኞ፣ ቀን 7፡30

ሳባ እህቴ፣ ናፍቆትሽ ይገባኛል። ግን እንደነበረ ይሁን ካልን ይወድቃል። የነበረው እኮ የሚያፈስ ጣራ ነው።

እኔ ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ስዞር ነው የምውለው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፣ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ ይንሸራሸራል። ይሄን እወደዋለሁ። ሳቢያን ያደግን ልጆች ድሮ ከዚራ የምንመጣው ጉዳይ ሲኖረን ብቻ ነበር፣ አሁን ለመዝናናት እንመጣለን።

የከዚራዋ ልጅ ያለችው ግን ልክ ነው። ይሄን የምጽፈው አንድ በረንዳ ሥር ባጃጄን አቁሜ ነው። ሰዓቱን እዩት። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፣ ሰው ምሳ በልቶ አረፍ ብሏል። እስከ ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ድረስ ከተማዋ ፀጥ ትላለች። በዚህ ሰዓት ቤት የሌለው ሰው የት ነው የሚያርፈው? ጫኝና አውራጁ፣ ሊስትሮው፣ ከገጠር ለገበያ የመጣች ሴት? በረንዳ ላይ ነው። አዲስ የተሰሩት የመስታወት ፎቆች ፊት ለፊት ደረጃው ላይ እንኳን አያስቀምጡም። ዘበኛው ይመጣል። ድንጋዩም ቢሆን ፀሐይ ላይ ስለሆነ ያቃጥላል።


አርክቴክቷ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡50

የመጋላ ነጋዴ የጻፈው ሊታለፍ አይገባም። ብዙ ጊዜ ቅርስ የምንል ሰዎች ቤቱ ውስጥ የሚሰራውን ሰው እንረሳለን።

ቤቶቹ ለምን እንዲህ እንደሆኑ መነሻውን እንየው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች ገቡ። ኪራይ ተቀነሰ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይሄ አይካድም። ግን ኪራዩ ለብዙ ዓመታት ባለበት ቆመ። የቆርቆሮ፣ የእንጨት፣ የግንበኛ ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ ይወጣል። በዚያ ኪራይ ጣራ መቀየር አይቻልም። ተከራዩም የኔ ያልሆነ ቤት ላይ ለምን ገንዘቤን ላፍስ ይላል፣ ባለቤቱም በጀት የለኝም ይላል። በመሃል ቤቱ ያልቃል። የድሬ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ፒያሳም በዚሁ ነው ያለፈችው።

አሁን እድሳት ሲመጣ ደግሞ ሚዛኑ በአንዴ ወደ ሌላው ጎን ያጋድላል። ቤቱ ታድሶ በጨረታ ይወጣል። ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ባንክ ወይም የስልክ ሱቅ ነው። ልብስ ሰፊ ከባንክ ጋር አይጫረትም። ቤቱን ያቆዩት ሰዎች ቤቱ ሲያምር ይወጣሉ።

ወደ ሥራው ልምጣ። ነጋዴው ቦታ ነው የፈለገው፣ ቦታ ደግሞ ቤቱ ውስጥ አለ። የነዚህ ቤቶች ጣሪያ በጣም ከፍ ያለ ነው። ሙቀቱ ወደ ላይ እንዲወጣ ተብሎ ነው። ከሱቁ በስተኋላ ግማሹ ላይ የእንጨት ቆጥ ቢሰራ ለዕቃ ማከማቻ ሰፊ ቦታ ይገኛል። ከግድግዳው ጋር ሳይጣበቅ በራሱ እግር የሚቆም ቆጥ ማለቴ ነው፣ ነገ ሌላ ሰው ሊያነሳው የሚችል። ሽንት ቤቱ ከጀርባ ግቢው ውስጥ ይሰራ፣ ጋሼ ያሉት በር ተከፍቶ። ሽቦው እንደ አዲስ ይዘርጋ፣ ግድግዳ ሳይቦረቦር በቱቦ።

መስታወቱን በተመለከተ፣ በረንዳውን በመስታወት ስትዘጋው ፀሐይዋ በቀጥታ ሱቁ ውስጥ ትገባለች። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ያኔ ኤሲ ማስገባት ግዴታ ነው። ድሬ ላይ ኤሲ ቀን ከሌት ሲሰራ ቆጣሪው የሚቆጥረውን ነጋዴው ያውቀዋል። ጥላው ውስጥ ያለው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያንን ሥራ እስከ ዛሬ በነፃ ሲሰራ ነበር።


የመጋላ ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

እህቴ፣ የኤሲውን ነገር አላሰብኩትም ነበር አልልም፣ የመብራት ሂሳብ ሁላችንም እናውቃለን። ግን አዳዲስ ፎቅ ላይ ያሉት ጓደኞቼ ከሽያጩ እናካክሰዋለን ይላሉ።

ቆጡ ግን ደስ ብሎኛል። ቆጥ ካለ፣ ሽንት ቤት ካለ፣ ጣራው ካላፈሰሰ በረንዳውን ማንም ነጋዴ አይጠላውም። እንዲያውም ዕቃዬን የማሳየው እዚያ ነው። ሴቶቹ ሻሹን፣ ድሪያውን በፀሐይ ብርሃን አይተው ነው የሚገዙት። መብራት ሥር ቀለሙ ይለወጣል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።


ግንበኛው ከጀጎል
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ከሐረር ነው የምጽፈው። ግንበኛ ነኝ፣ ሥራውን ከአባቴ ነው የተማርኩት። የኖራው ነገር ስለተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እህቴ፣ ያ ሲሚንቶ ዛሬውኑ ይቁም። ነገ ሳይሆን ዛሬ።

የድሮው ግድግዳ ድንጋይና ኖራ፣ አንዳንዴም ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በልስኑ በኩል ደግሞ ያወጣል። ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ስትመርግበት ላብ ያጠመቀውን ሰው ላስቲክ እንደማልበስ ነው። እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ጨው ይዞ ከልስኑ ኋላ ይከማቻል። ጨው ሲደርቅ ያብጣል፣ ድንጋዩን እየፈረፈረ ይሄዳል። ከውጭ ልስኑ ደህና ይመስላል። ሁለት፣ ሦስት ክረምት ካለፈ በኋላ በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ይሰጣችኋል። ለቋል ማለት ነው። ሲወድቅ ደግሞ ብቻውን አይወድቅም። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፣ የድንጋዩን ፊት ይዞ ነው የሚወርደው።

ይሄን ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሐረር በሐምሌ 1998 በዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች በኋላ ሰው ቤቱን ማሳመር ጀመረ፣ ጥሩ ነው። ግን በሲሚንቶ ያሳመረው ሁሉ ተመልሶ እኛን ጠርቷል። በኖራ የተሰራው ግን በየጊዜው እየተቀባ ይቆያል። እናቶቻችን ለበዓል፣ ለሠርግ ቤታቸውን የሚቀቡት ለማማር ብቻ አይደለም። ቅቡ በየዓመቱ ሲደረብ ስንጥቁን ይደፍነዋል።

ኖራ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ድሬም ሐረርም የኖራ ድንጋይ አገር ነው። የጠፋው ትዕግሥቱ ነው። ጥሬውን ኖራ ውሃ ስታደርግበት ይፈላል፣ ይጮሃል፣ ተጠንቀቁ፣ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተሸፍኖ መክረም አለበት። ቢያንስ ሳምንታት፣ ወራት ቢቆይ የተሻለ ነው። በደንብ የበሰለ ኖራ ማንኪያ ላይ እንደ እርጎ ይይዛል። አሸዋውን ከደቻቱ የምታመጡ ከሆነ እጠቡት። አፈርና ጨው ያለበት አሸዋ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ከተለሰነ በኋላም በድሬ ፀሐይ ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ ይሰቀልበት። ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል።

ልስኑ ሲገፈፍ ከሥሩ ምን ዓይነት ድንጋይ ወጣ? ፎቶ ካለሽ ለጥፊልኝ።


የከዚራዋ ልጅ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ወንድሜ ግንበኛው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፍከውን እድሳቱን ለሚሰሩት ሰዎች አለቃ በስልኬ አነበብኩለት። ጥሩ ሰው ነው። እውነቱን ነገረኝ። ውሉ ላይ የተጻፈው "ልስን" ብቻ ነው፣ በምን እንደሚለሰን አይልም። በኖራ መሥራት የሚችል ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ጊዜ ተሰጥቶኛል፣ ካለፈ ቅጣት አለብኝ አለ።

ድንጋዩ ቢጫ ነጣ ያለ ነው፣ በጥፍር ሲፍቁት ይፈረፈራል። ፎቶ ለጥፌልሃለሁ። በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ገና አልተነካም።


ግንበኛው ከጀጎል
ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡25

አየሁት። ለስላሳ ድንጋይ ነው፣ ለሲሚንቶ በጭራሽ አይሆንም። የጀርባው ግድግዳ ካልተነካ ከእሱ ይጀመር። በኖራ ይለሰንና ከፊት ለፊቱ ጋር ራሳቸው ያወዳድሩት። የተመረገው ሲሚንቶም ገና ትኩስ ስለሆነ በጥንቃቄ ሊነሳ ይችላል። ከጠነከረ በኋላ ግን ድንጋዩ ይጎዳል።


ልጅ ከደቻቱ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

እኔ የማወራው ስለ ቤቱ አይደለም፣ በረንዳው ላይ ስለሚሰሩት ሰዎች ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ እኛ ወንዙ ዳር ነበርን። ከ200 በላይ ሰው ነው በዚያ ጎርፍ ያለቀው። ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፈረ። ሕይወት ለማትረፍ ነውና ትክክል ነበር። እናቴ ግን ባጅያ የምትሸጥበትን ጥግ ካጣች በኋላ ደንበኞቿን መልሳ አላገኘቻቸውም። ዕቃ አልጠፋባትም፤ መጥበሻዋም ምድጃዋም ተርፏል። ደንበኛው ግን የሚያውቃት በዚያ ጥግ ነው። ከቀፊራ ገበያ ወጥቶ ወደ ከዚራ ሲሻገር መንገዱ ላይ ስለሆነች ነው የሚገዛት። ሰፈር ሲቀየር የተሰጣት ቦታ ሰፊ ነበር፣ ግን የሚያልፍ ሰው የለበትም።

እዚህ ግን ጎርፍ አልመጣም። ልብስ ሰፊውን የሚያስነሳው እኛው የምናደርገው እድሳት ነው፣ ስለዚህ እኛው ልንመልሰው እንችላለን። ትመለሳለህ የሚል ወረቀት፣ ማህተም ያለበት፣ ለምንድን ነው የማይሰጠው? በቃል የተነገረ ነገር ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።


አርክቴክቷ
ረቡዕ፣ ማታ 1፡15

ልጅ ከደቻቱ ያለው ነገር መጻፍ አለበት። በረንዳ ላይ የሚሰሩት ብዙዎቹ ውል የላቸውም። በባለሱቁ ፈቃድ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ ሕጉ ፊት እንደሌሉ ነው የሚቆጠሩት። እድሳቱ ሳይጠናቀቅ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር በስም ተመዝግቦ ከባለሱቆቹ ጋር አብሮ ይቅረብ። በረንዳው ላይ ለመሥራት ትንሽ ኪራይ ቢከፍሉ እንኳን ቅር አይላቸውም፣ የጠየቅኳቸው ሁሉ የሚሉት ደረሰኝ ይሰጠን ነው። ደረሰኝ ያለው ሰው በዘፈቀደ አይነሳም።

የኪራዩም ነገር ታስቦ መሠራት አለበት። በአንዴ ወደ ገበያ ዋጋ ከወጣ ነባሮቹ ይወጣሉ። እንደ በፊቱ ከቀረ ቤቱ ተመልሶ ያልቃል። ለነባሮቹ ቀስ እያለ የሚያድግ ኪራይ ይደረግ፤ ከሚሰበሰበው ላይ ደግሞ የተወሰነው ለዚሁ ቤት ጥገና ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ። ላይኛው ፎቅ በገበያ ዋጋ ይከራይ። ቢሮ ይሁን፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ይሁን፣ ለታቹ ይደጉም።

ፈቃዱ ላይ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይታደስም። ቤታችን መመዝገቡን ባህልና ቱሪዝም ሄደን እንጠይቅ። ካልተመዘገበ ይመዝገብ ብለን እናመልክት። ይሄን ሥራውን ለማስቆም እንዳናውለው ግን እለምናችኋለሁ። ጣራው ተነስቶ ሥራ ከቆመና ዝናብ ከመጣ ቤቱን የገደልነው እኛ ነን።


ሳባ ከቶሮንቶ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡40

ሁላችሁንም አነበብኩ። አመሰግናለሁ። ምንም አይነካ ያልኩት ከናፍቆት ነው፣ አሁን ምን እንደሚያስፈልግ ገባኝ። እዚህ ያለን የድሬ ልጆች ማህበር አለን። ገንዘብ ማሰባሰብ እንችላለን፣ ለኖራው ሥራ ለሚጨምረው ጊዜና ጉልበት። ሐረር የፈረንሳዊውን ባለቅኔ የራምቦን ቤት የሚሉትን አይቼዋለሁ፣ የህንድ ነጋዴ ቤት ነበር፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ያምራል። የእኛም ሙዚየም ቢሆን ብዬ አስቤ ነበር።


ግንበኛው ከጀጎል
ሐሙስ፣ ጠዋት 12፡50

ሳባ፣ የራምቦ ቤት ሙዚየም መሆኑ ጥሩ ነው፣ ለሱ ተስማምቶታል። ሁሉም ቤት ሙዚየም ሊሆን ግን አይችልም። እዚሁ እኛ ጋ ማኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ እይው። መንገዱ ዳርና ዳር ልብስ ሰፊዎች ናቸው፣ ከኋላቸው ጨርቅ ሱቆች። ገዝተሽ እዚያው ታሰፊያለሽ። የቤቶቹ ባለቤቶች ስንት ጊዜ ተቀያይረዋል፣ መንገዱ ግን ሥራ አልፈታም። ቱሪስቱም የሚመጣው ያንን ሊያይ ነው። ድሬም እንደዚያ ብታደርጉት ይሻላል። ከሰው ጋር የቆመ ቤት፣ ጣራው ሲንጠባጠብ የሚያይለት አለ።


የባቡር አባት
ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

የቤቱ የድሮ ፎቶ አለኝ። ፊት ለፊቱም የግቢው በርም ይታያል፤ የበረንዳው ምሰሶና የእንጨት ማስጌጫው ሁሉ። ከአለቃው ጋር ስትነጋገሩ ይጠቅማችኋል። ልጆች ስካን ያድርጉልኝና ይለጠፍ። የግቢው በር ከተከፈተ ደግሞ እኔ ራሴ መጥቼ የት እንደነበረ አሳያለሁ።


የመጋላ ነጋዴ
ሐሙስ፣ ቀን 5፡45

የዚያ ቤት ሁለት ተከራዮች ወዳጆቼ ናቸው። ትናንት አገኘኋቸው። በረንዳው ይዘጋ ብለው የጠየቁት እነሱ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። ማንም አልጠየቃቸውም። ቆጥና ሽንት ቤት ከተሰራልን በረንዳው ክፍት ይሁን ብለን እንፈርማለን ብለዋል። ልብስ ሰፊውንም እናውቀዋለን፣ ስሙን እናስገባለን አሉ። ደብዳቤውን ማን ይጽፋል?


አርክቴክቷ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡00

እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ ማታ እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ አስተካክሉልኝ። የቆጡንም ንድፍ አያይዤ እልካለሁ።


የከዚራዋ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

አለቃውን በድጋሚ አናገርኩት። የጀርባው ግድግዳ በኖራ እንዲሞከር ተስማምቷል። ፊት ለፊቱንም እስኪታይ ድረስ ሌላ ሥራ እየሰራ ያቆየዋል። በረንዳው ግን የሱ ውሳኔ አይደለም፣ ከላይ የመጣ ንድፍ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሰኞ መግባት አለበት። ከዚራ አካባቢ ያላችሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ፊት እንገናኝ። ጋሼም ከፈቀዱ በባጃጅ እናመጣዎታለን።

ወንድሜ ግንበኛው፣ መምጣት ትችላለህ?


ግንበኛው ከጀጎል
ሐሙስ፣ ማታ 2፡05

እመጣለሁ፣ ሐረርና ድሬ ምን ያህል ነው። ግን እስከ ሰኞ አትጠብቁኝ። ጥሬውን ኖራ ነገ አስገዙና ይነከር። ጉድጓዱ ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ይሁን፣ ልጆች እንዳይገቡበት ዙሪያው ይታጠር። እኔ እስክደርስ ውሃው ከላዩ እንዳይጎድል ብቻ አንድ ሰው ይመድቡበት።